አቤት የማይባልበት መታጠፊያ

የደመቀች በቅሎ ቦራ ትባላለች። ግንባሯ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ስላለባት ነው ስሙ የወጣላት። ቀለሟ ዳማ ነው። የቀኝ ጆሮዋን ጫፍ በውርንጭላነቷ የአጥር ሽቦ ቀዶታል። ይህ ጆሮ እንዳይረሳ፤ በኋላ ነገሩ ሁሉ የዞረው በእሱ ላይ ነው።

ደመቀች ራሷ ብዙ የምትታይ ሴት አይደለችም። አንኮበር ላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር፣ ጽድ ከከበበው የደብሩ አጥር ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አላት። አባቷ ቄሰ ገበዝ ስለነበሩ ፊደል ቆጥራ ዳዊት ደግማለች፤ ከዚያ አላለፈችም። ሰው በተሰበሰበበት ከኋላ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ታዳምጣለች። የምታወራው ከበቅሎዋ ጋር ብቻ ነው ይሏታል፤ እውነትም ነው። ጠዋት ኮርቻ ስትጭን እጇን ከግላሱ ሥር አስገብታ የተጨማደደ ነገር እንዳይኖር ትዳብሳለች፣ እርካቡን በክንዷ ትለካለች፣ ጠፍሩን አንዴ አጥብቃ፣ በቅሎዋ ትንፋሿን እስክትለቅ ጠብቃ፣ እንደገና ታጠብቃለች። በዚህ ሁሉ መሃል ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ቀኑ ውሎ ታጫውታታለች።

ቦራ የባሏ የገብረመንፈስቅዱስ በቅሎ ነበረች። ገብረመንፈስቅዱስ በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ ስለነበር ድምፁ እስከ መጨረሻው ጎርናና ሆኖ ቀርቷል። በቅሎዋን ሲያቆም «ቁሚ» የምትለውን ቃል በአንድ ትንፋሽ አይጨርሳትም ነበር፤ «ቁ» ብሎ ይጎትታታል፣ «ሚ»ን ቆይቶ ያስከትላል። ሲጠራትም «ቦርዬ» ይላታል። ሌላ ሰው በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም፣ ደመቀችም ብትሆን።

ከሰባት ዓመት በፊት በኅዳር ወር፣ ከቆላው ገበያ ሲመለስ፣ ጉም በገደሉ አፋፍ ላይ ያዘው። አንድ ጎረቤት ከኋላው ይመጣ ነበር። ይህ ሰው በኋላ ለቅሶ ቤት ሲናገር፣ ከጉሙ ውስጥ «ገብረመንፈስቅዱስ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ መስማቱን፣ ገብረመንፈስቅዱስም «አቤት» ማለቱን፣ ከዚያ በኋላ የበቅሎ ኮቴ እንጂ የሰው እርምጃ አለመስማቱን ተናገረ። ቦራ ኮርቻዋ ሳይዛነፍ ብቻዋን ቤት ገባች። እሱን በማግስቱ ከገደሉ ሥር አነሱት።

በዚያ አገር በጉም ውስጥ የሰው ስም አይጠራም። ጓደኛውን የፈለገ በቅሎውን ይጠራል፤ በቅሎ ከሌለው ያፏጫል፣ ወይም ድንጋይ በድንጋይ ይመታል። ስምን ጠርቶ የሚመጣ ድምፅ የሰው አይደለም ይባላል። አቤት ካሉት የቆሙበትን ያውቃል። ገብረመንፈስቅዱስ የጠፋበት መታጠፊያም ከጥንት ጀምሮ ስሙ «አቤት አይሉ» ነው። እሱ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ምናልባት የሚወደው ሰው ድምፅ መስሎት ይሆናል፤ ይህን ሐሳብ ደመቀች ጀምራ አትጨርሰውም።

ሌላም የሚሉ ነበሩ። የጎብኚ መኪና እስከ አፋፉ እየሄደ፣ ጎማው ጠርዙን እየሸረሸረ፣ መሬቱ ባዶ ሆኖ ነበር አሉ፤ የረገጠው ጠርዝ ነው የከዳው። ደመቀች ሁለቱንም ታምናለች። ለመጀመሪያው ምንም ማድረግ አትችልም፤ ለሁለተኛው ግን የምትችለው ነገር መጣ።

ነገሩን ያመጣችው ሮዳስ ናት። ሮዳስ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ «እግርና ኮቴ» የሚባል ማኅበር ታስተባብራለች። ሐሳቡ ቀላል ነው። የጎብኚ መኪና ከኮረብታው በታች ካለው ሜዳ አያልፍም፤ እዚያ ሰንሰለት ይዘረጋል። ከሰንሰለቱ በላይ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ወደ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ይወጣል፣ ከዚያም በጥንቱ የበቅሎ መንገድ በገደሉ አፋፍ ዞሮ ይመለሳል። አሥራ አንድ በቅሎ መሪዎች ተመዘገቡ። አሥሩ ወንዶች ነበሩ፤ አሥራ አንደኛዋ ደመቀች።

ከኅዳር እስከ መጋቢት መጨረሻ ሙከራ ነው ተባለ። ከባለ መኪኖቹ ጋር በተደረገው ስምምነት ላይ ግን አንድ ቃል ነበረች፦ በመንገዱ ላይ አንድ እንግዳ ቢጠፋ ወይም ቢጎዳ ሰንሰለቱ በማግስቱ ይፈታል፤ መኪናም እንደ ድሮው እስከ አፋፉ ይሄዳል። ደመቀች የበቅሎ መሪዎቹ በተሰበሰቡበት አዳራሽ ይህን ስትሰማ ያሰበችው ስለ ሥራዋ አልነበረም። ያሰበችው ስለዚያ ጠርዝ ነው። ጎማ ካልረገጠው ሣር እንደሚያቆጠቁጥበት ታውቃለች።

በዚያው ስብሰባ ሮዳስ ለእንግዶች የሚሰጠውን የመመሪያ ወረቀት አነበበች። ውኃ ይያዙ፤ ለዝንጀሮ ምግብ አይስጡ፤ ቁልቁለት ላይ ከበቅሎ ይውረዱ፤ ቆሻሻ አይጣሉ። አምስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ጉም ቢመጣና ከመሪዎ ቢለያዩ፣ የመሪዎን ስም ጮክ ብለው ይጥሩ።»

 አሥሩ ወንዶች መሬት መሬት አዩ። ሁሉም ያውቃሉ፤ ግን በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ፊት ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይናገራል? ደመቀች ነጠላዋን ይበልጥ ሳበች። አንዱ ይናገር ይሆናል ብላ ጠበቀች። ሮዳስ አስተያየት ካለ ብላ ጠየቀች፤ ማንም እጁን አላነሣም፤ ወረቀቱ ታተመ።

አለምነህ ከባለ መኪኖቹ አንዱ ነው። ሚኒባሱን ሰንሰለቱ ሥር አቁሞ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ የሚያልፈውን የበቅሎ መሪ ሁሉ ይነካካል። ደመቀችን ሲያይ፣ «እትዬ ደመቀች፣ ያቺ በቅሎ ዘይቷን ተቀየረላት?» ይላታል። እሷም ሳትቆም፣ «ያንተዋ ናት በየዳገቱ የምታጨስ፤ የእኔዋስ ጾመኛ ናት» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። ጠላቷ አልነበረም። ሠፈሩም ያው ሠፈሯ ነው። ግን ሰንሰለቱ የሚፈታበትን ቀን እየቆጠረ እንደሆነ አልደበቃትም።

በጋው እንዲህ ገፋ። አቧራው ቀረ። የጡሩምባ ድምፅ ከአፋፉ ላይ ጠፋ፤ በዓለም ላይ ከእነዚህ ገደሎች ሌላ ብዙም ቦታ የላትም የምትባለው ትንሽዬ ወፍም ከመንገዱ ዳር ድንጋዮች ላይ መታየት ጀመረች። እንግዶች ለእሷ ብለው ይመጡ ነበር።

በየካቲት አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ፣ ማርያማዊት የምትባል ሴት ከአዲስ አበባ መጣች። ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ዕድሜዋ ከደመቀች ብዙ አይርቅም። አንገቷ ላይ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ተንጠልጥሏል፣ የመመሪያውን ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከታለች። መንገድ ላይ ስለ ሣር ቅጠሉ ሁሉ ትጠይቃለች፤ ደመቀችም ስሙን ትነግራታለች። ይሄ አስታ ነው፣ ያ ጅብራ፣ ያኛው ከብት አይበላውም። ቀስ በቀስ ደመቀች ከሳምንት በላይ የምታወራውን በአንድ ጠዋት አወራች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ወደ አቤት አይሉ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ደረሱ። ማርያማዊት እንደ መመሪያው ከቦራ ወረደች። ወዲያው ከመንገዱ በታች አንድ ድንጋይ ላይ ያቺን ወፍ አየቻት። ሂጂ፣ ፎቶ አንስቼ እከተልሻለሁ፣ አለቻት። ደመቀች ቦራን እየሳበች መታጠፊያውን አልፋ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ቆመች። እንግዳዋ ያለችበት ቦታ ከዚያ የሃምሳ እርምጃ ያህል ብቻ ነበር።

የቆላ ጉም እንደ ዝናብ ደመና ከላይ አይመጣም፤ ከሥር ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ከገደሉ አፍ ላይ እንደ ወተት ይገነፍላል፣ ከዚያ መንገዱን ይልሳል፣ ከዚያ ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ደመቀች ነጩን ስታየው ለመመለስ ዞረች፤ ሦስት እርምጃ ሳትሄድ የበቅሎዋን ጭራ እንኳ ማየት አቃታት። ቆመች። በጉም ውስጥ መሄድ ሞኝነት ነው። ቦራን በአንገቷ አቅፋ ጠበቀች። ከጽዱ ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ካልሆነ በቀር ምንም አይሰማም።

ያን ጊዜ ነው የተጠራችው።

«ደመቀች!»

 ድምፁ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ጉም ድምፅን ከየአቅጣጫው ያመጣዋል። ነጠላዋን በጆሮዎቿ ላይ ጠቅልላ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ከበቅሎዋ አንገት ውስጥ ደበቀች። እንደገና ተጠራች። ሦስተኛም። ድምፁ የሴት ይመስላል፣ ትንሽም ያለቀሰ ይመስላል፤ እንደዚያ ነው ይባላል ደግሞ፤ የሚያሳዝን ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስትፈራ ኖራለች። ከንፈሯን ነከሰች።

ጥሪው ቆመ።

ዝምታው ሲረዝም፣ ከዚያ ሁሉ ፍርሃት ሥር አንድ ሌላ ነገር ወደ አእምሮዋ መጣ። የአዳራሹ ወንበር፣ የሮዳስ የጥፍር ቀለም፣ አምስተኛው መስመር። *የመሪዎን ስም ጮክ ብለው ይጥሩ።* ማርያማዊት ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ስትከት በዐይኗ አይታታለች። መምህርት ናት፤ የተጻፈውን ታደርጋለች። የዚያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ አፏን ከፍታ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ይቺ ሴት አሁን ቦራን ትጠራ ነበር። አሁን ግን አንድ እንግዳ ከአቤት አይሉ ጠርዝ ዘንድ ሦስት ጊዜ ጠርታ ሦስት ጊዜ መልስ አጥታለች፤ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ መሄድ ይጀምራል። ሰንሰለቱም፣ ሣር ያበቀለው ጠርዝም፣ ከሁሉ በላይ ያቺ ሴት፣ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠሉ። ያቺ ቃል ባሏን የበላች ቃል ናት።

ደመቀች ነጠላዋን ከጆሮዋ አወረደች። አማተበች። 

«አቤት» አለች።

ሁለት ድምፅ መለሰላት።

አንዱ ከላይ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ቅርብ ነበር። «ደመቀች» አላት። የተረጋጋ፣ ደስ የሚል፣ የምታውቀው የሚመስላት ድምፅ ነው፤ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ቅርብ። ሌላው ከታች፣ ከገደሉ በኩል፣ ራቅ ያለና የደከመ ነበር፤ «ወይኔ እግዜር ይስጥሽ፣ እዚህ ነኝ» የሚል መሰላት፣ ግን ግማሹን ጉሙ በላው። ልቧ ወደ ላይኛው አዘነበለ። መንገዱም በዚያ ነው፤ ሰው ቢሆን መንገድ ላይ እንጂ ገደል ውስጥ ምን ይሠራል?

አንድ እርምጃ አነሣች። የልጓሙ ገመድ ግን ተወጠረ። ቦራ አልተንቀሳቀሰችም።

ደመቀች ዞራ አየቻት። የበቅሎዋ ጭንቅላት ብቻ ከነጩ ውስጥ ይታያል። ሁለቱ ጆሮዎች፣ ሙሉውም የተቀደደውም፣ ወደ ታች፣ ወደ ገደሉ ዞረዋል። የላይኛው ድምፅ አሁንም «ደመቀች» አለ፤ ይበልጥ ቀርቦ፣ በጆሮዋ ሥር። የቦራ ጆሮ እንደ ተተከለ ቀረ። ለዝንብ እንኳ የሚንቀሳቀስ ጆሮ ለዚያ ድምፅ ቅንጣት አልነቃነቀም። ከታች ደካማዋ ድምፅ ስትመጣ ግን የተቀደደው ጫፍ ተርገበገበ።

በቅሎ ለሌለ ነገር ጆሮዋን አታዞርም። ደመቀች ጀርባዋን ለላይኛው ድምፅ ሰጠች። ማጅራቷ ላይ እንደ ትንፋሽ ያለ ቅዝቃዜ ተሰማት፤ አልዞረችም። የልጓሙን ገመድ ረዘም አድርጋ ይዛ፣ መሬቱን በዱላዋ እየነካካች፣ የቦራን ጆሮ እያየች ወረደች። ጆሮው ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፤ ቀጥ ሲል ቀጥ። በየመሃሉ «አቤት፣ አለሁ፣ አይንቀሳቀሱ» ትላለች። ከኋላዋ የሚጠራት ነገር ሁለት ጊዜ ጠራትና ተወ።

ማርያማዊትን የአስታ ቁጥቋጦ በሁለት እጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ከጫማዋ ጫፍ እስከ ጠርዙ አንድ ክንድ አይሞላም። ደመቀች ብብቷን ይዛ አስነሣቻትና ዳገቱን ይዘው ወጡ። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ጉሙ እንደ መጣው ሁሉ ወርዶ ሄደ። ከላይ በኩል ማንም አልነበረም። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ከእነሱ ሌላ ዱካም የለበትም።

ማርያማዊት ስትረጋጋ የሆነውን ነገረቻት። ሦስት ጊዜ ተጣራሁ፣ መልስ ሳጣ መንገዱ በዚህ ነው ብዬ መሄድ ጀመርኩ፣ አለች። ከዚያ ከፊቷ አንድ ሰው አስቆማት።

«ሰው?» አለች ደመቀች።

«ወንድ ነው። መንገድ የሚጠግን መስሎኝ። አላየሁትም። ‹ቁሚ› አለኝ፤ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ። አመስግኚልኝ እንጂ፤ አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ።»

ደመቀች እጇን ወደ ቦራ አንገት ሰደደች። ከዚያ ድምፁ እንዴት ያለ እንደነበር ጠየቀቻት።

«ጎርናና ነው፤ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ‹ቁ…ሚ› ነው ያለኝ፤ እንዲህ ጎትቶ። ሰውን ሳይሆን ከብት የሚያቆም ነው የሚመስለው።» ማርያማዊት ይህን ስትል ትንሽ ሳቀች።

ደመቀች አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። እንግዳዋን ኮርቻ ላይ አውጥታ፣ እርካቡን እንደገና በክንዷ ለክታ፣ መንገድ ጀመረች።

ሰንሰለቱ ዘንድ ሲደርሱ ከሰዓታቸው በጣም ዘግይተው ነበር። ሮዳስ መዝገቧን እንዳቀፈች ወዲያ ወዲህ ትላለች። አለምነህ ከሚኒባሱ ወርዶ ቆሟል። ማርያማዊት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፎቶ ላነሣ ብዬ ነው የቀረሁት፣ እንደምታዩኝ ደህና ነኝ አለችና፣ ያ ሰውዬ ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሮዳስ መዝገቡን ገለጠች። በዚያ ሰዓት አፋፉ ላይ የተመዘገበ ሌላ ሰው አልነበረም። የመንገድ ጠጋኞችም የሚመጡት ሰኞ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ደመቀች ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

«ሮዳስ ልጄ፣ አምስተኛዋን መስመር ሰርዢያት። በጉም ውስጥ የሰው ስም አይጠራም። የበቅሎዋን ስም ይጥሩ።»

ሮዳስ ግራ ተጋብታ ለምን እንደሆነ ጠየቀች።  ደመቀች አለምነህ እንዳይሳለቅባት ሰግታ ወደ እሱ አየች። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

«ሰርዢያት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴም እንደዚያ ነበር የሚሉት።»

መስመሯ ተሰረዘች። አዲሱ ወረቀት «በቅሎዎች ስማቸውን ያውቃሉ፣ ወደ ድምፅዎም ይመራሉ» የሚል ምክንያት ተጨመረበት፤ ሮዳስ ለመጻፍ የሚያመች ምክንያት እሱ ሆኖ አገኘችው። ውሸትም አይደለም። መጋቢት አለቀ፤ በመንገዱ ላይ የተጎዳ ሰው ስላልነበረ ሰንሰለቱ አልተፈታም። አለምነህም እንግዶቹን ከደብረ ብርሃን አምጥቶ እዚያው ሜዳ ላይ ያራግፋል፤ ከበቅሎዎቹ አጠገብ ሲደርስም ጡሩምባ መንፋት ትቷል። ደመቀችን ሲያያት አሁንም ስለ ዘይት ይጠይቃታል።

በሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ፣ እንግዳ አልመጣም። ደመቀች ቦራን ሣር ልታስግጣት ወደ አፋፉ ወሰደቻት፤ በአቤት አይሉ ጠርዝ ላይ ያለው ሣር አሁን ከቁርጭምጭሚት ያልፋል። ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ሸፈናቸው። ደመቀች እንደ ልማዷ የበቅሎዋን አንገት ይዛ ቆመች። አልፈራችም ማለት አይቻልም።

ከነጩ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። የእሷን ስም አልጠራም።

«ቦርዬ» አለ። ጎርናና ነው።

ደመቀች ዐይኗን ወደ በቅሎዋ ጆሮዎች አነሣች። ሁለቱም ቀስ ብለው ዞሩ። ሙሉውም ዞረ፤ የተቀደደውም ዞረ፣ ጫፉ ተርገበገበ። ቦራ በአፍንጫዋ ለስለስ ያለ ድምፅ አሰማች፤ ሰባት ዓመት ያላሰማችውን።

ደመቀች የልጓሙን ገመድ አልለቀቀችም፤ ወደ ጠርዙም አንድ እርምጃ አልሄደችም። ግን ዝም አላለችም።

«አለን» አለች ወደ ጉሙ። «ሁለታችንም አለን።»